ካድሬው የገለጠው ደብተር

በደርግ ዘመን፣ ሰው ከየቤቱ በሚታፈስበት ሰሞን፣ ሴቻ ላይ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። አንድ የገረሴ ተወላጅ ባልደረባ ነበረኝ። እሁድ እሁድ ጫኖ አካባቢ ጎርፍ የሸረሸረውን ገደል እየዞረ፣ ድንጋይ ላይ የቀሩ ጥንታዊ ምልክቶችን በደብተሩ ይስላል። አንድ ቀን ቅርንጫፍ ያለው ሥዕል አሳየኝ።

"የዛፍ ሥር ነው" አልኩት።

"አይደለም። ሥር እየቀጠነ ይሄዳል፤ ይሄ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ውፍረቱ አንድ ነው። ትል ጭቃ ውስጥ የሄደበት መንገድ ነው።"

በሳምንቱ ታጣቂዎች ከክፍል አውጥተው ከነደብተሩ ወሰዱት። የቀበሌው ካድሬ እኔን አስጠራኝና ደብተሩን ገለጠ።

"ይሄ የምን ካርታ ነው?"

"ካርታ አይደለም ጓድ። ይሄኛው ቅጠል ነው፤ ጅማቱ ይታያል። እነዚህ ደግሞ የትል ዱካዎች ናቸው። ጭቃው ድንጋይ ሲሆን አብረው ቀሩ።"

"በዚህ ጊዜ የትል ዱካ የሚከተል ሰው አለ?" ብሎ ሳቀ። ፈርቼ ስለነበር አብሬው ሳቅኩ። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እናቱ ከገረሴ መጥተው ዘመድ ቤት አርፈው፣ በየቀኑ እስር ቤቱ በር ላይ ስንቅ ያቀብሉት ነበር። አንድ ጠዋት ጠባቂው፣ "ከእንግዲህ ምግብ አያምጡ" ብሎ መለሳቸው። ቆጯቸውን እንደያዙ እኔ ጋ መጡ።

"ልጄ፣ ወደ ሌላ እስር ቤት ወስደውት ይሆን?"

"ምግብ አያምጡ" ማለት ተገድሏል ማለት እንደሆነ ለከተማው ሰው ግልጽ ነበር።

"ይሆናል እማማ" አልኳቸው።

እሳቸውም አምነውኝ ጨንቻ እስር ቤት ድረስ ሊፈልጉት ሄዱ።