ለሩቅ ሰው የሚሆን ምስር

ማናል ጣይብ ዓይኗን ገልጣ ነው የምታልመው። ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ ከእኔ በር ፊት ለፊት ባለው ግቢ ተወልዳ ስታድግ ስላየኋት ነው እንጂ ለሐሜት አይደለም። ልጅ ሳለች ዳቦ እንድትገዛ ስትላክ መንገድ ላይ ቆማ ግድግዳ ላይ ያረፈ የዛፍ ጥላ ስታይ ትቆይና ባዶ እጇን ትመለሳለች። ዛሬ ሠላሳውን አልፋ የሰርግ ፎቶ አንሺ ሆናም ያው ናት። ሙሽሮች ተኳኩለው ተሰልፈው ሲጠብቋት እሷ መጋረጃው ላይ የተኛውን ብርሃን እያየች ጠፍታለች። እኔ በሰው ሥራ በቀላሉ የምደሰት ሰው አይደለሁም፤ የሷን ፎቶ ግን መኝታ ቤቴ ሰቅያለሁ።

እናቷ በለጡ የስደት ጓደኛዬ ናት። በደርግ ጊዜ ከጎንደር አብረን ወጥተን፣ በመተማ አቋርጠን፣ ገዳሪፍ ሰንብተን ካርቱም የገባን ሰዎች ነን። እሷ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ነበረች፤ እኔ የታሪክ አስተማሪ። ካርቱም ግን ማንንም በተማረበት አታሠራም። እሷ የቢሮ ጸሐፊ ሆነች፣ ቀጥላ ሻይ ቤት ከፈተች፤ እኔም ዐማራት በሚባለው ሰፈር የሰው ሂሳብ ስሠራ አረጀሁ። በለጡ ጣይብ የሚባል የመብራት ሠራተኛ አገባች። ሲስቅ ትከሻው አብሮ የሚስቅ፣ ለጎረቤት ሁሉ አምፖል በነጻ የሚቀይር ደግ ሱዳናዊ ነበር። ከሞተ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል።

የጋብቻው ወሬ ጎንደር ሲደርስ ታላቅ እህቷ ትሁት፣ «እስላም አገባች? እንግዲህ እህት የለኝም» ብላ ላከችባት። ቃሉን ያመጣው መንገደኛ እንዳለ አራገፈው፤ ትንሽ ቢያለዝበው ምን ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አልተነጋገሩም። በለጡ ስለ እህቷ ስትጠየቅ «ደኅና ናት» ትላለች፣ ትናንት ያገኘቻት ይመስል።

የሱዳን መንግሥት በሕዝብ ተቃውሞ ከወደቀ በኋላ በመጣው የመጀመሪያው ጥር ነው ነገሩ የሆነው። ካርቱም ለዳቦ ተሰልፋ፣ ለነዳጅ ተሰልፋ፣ ግድግዳዋ ግን በሥዕል አብዶ የነበረበት ሰሞን። ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚዋለው ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ያልም ነበር፤ እኔ እንኳ በዚህ ዕድሜዬ ማለም ጀምሬ ነበር። ያን ጊዜ ማናል በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ አገር ልትሄድ ተነሣች። ውጭ አገሩ ጎንደር ነው። ዐማራት ያለ አንድ የባህል ማዕከል የጥምቀትን በዓል አንስታ እንድታመጣለት ጠይቋታል። ይህ ለሰው የሚነገረው ምክንያት ነው። የቤቱ ምክንያት ግን ሌላ ነው። በለጡ፣ «የትሁትን ፊት አምጪልኝ» ብላታለች። ሌላ ምንም አልጠየቀቻትም።

ለመንገዱ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ግቢያቸው ገባሁ። ማናል የካሜራዋን ሦስት ሌንሶች የገመድ አልጋው ላይ ደርድራ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ድንበር የሚያመላልስ ሹፌር፣ ከሁለት በላይ ከያዝሽ ጋዜጠኛ ነሽ ብለው ያጉላሉሻል ብሏታል። አንዱ መቅረት አለበት።

«ዓሞ አንተነህ፣ ወላሂ ጨነቀኝ» አለችኝ፤ ዓሞ አጎቴ ማለት ነው። «ና፣ አንተም እይ።»

ሰፊውን አነሣች። በሱ ስታይ፣ አለችኝ፣ ጎንደር ሁሉ ይገባል፤ የፋሲለደስ ውኃ፣ ነጭ የለበሰው ሕዝብ፣ ጃንጥላው፣ ዛፍ ላይ የወጡት ልጆች፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ። ቀጥላ «ኸምሲን» የምትለውን፣ ሃምሳውን፣ አነሣች። አጭር ናት፤ ሰው እንደሚያይ ነው የምታየው። በሷ ለማንሳት ክንድህን ብትዘረጋ ሰውየው ጋ እስክትደርስ መቅረብ አለብህ። በሷ ውስጥ ማናል አንዲት አሮጊት ታያለች። በሩ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጥላ፣ የእናቷን አገጭ ይዛ። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ እኔም ሳላውቀው አብሬያት ሄጄ ኖሮ የጎንደር የጥር ብርድ ጆሮዬን ሲነካኝ ተሰማኝ። በካርቱም ግቢ ውስጥ፣ በዚያ አቧራ መካከል።

ሦስተኛው ረጅሙ ነው፤ ጠዊላ ትለዋለች። ዓይኔ ላይ አድርጌ ወደ ላይ ሳይ ከውኃ ታንከሩ በላይ የሚያንዣብብ ጭልፊት ጉያዬ ገባ። ላባው ሲንቀሳቀስ አየሁት። ደስ ብሎኝ አልመልስም አልኩ።

«እሱን ነው የምትይዢው» አለች በለጡ ከማድቤቱ በር። «እሱና ኸምሲኑን፤ ሰፊው ይቅር። ሕዝቡን ማን ፈለገው።»

«ዩማ፣ ጠዊላን አልፈልገውም አልኩሽ» አለቻት ልጇ።

«በሩን ባትከፍትልሽስ? ትሁት እሑድ ቤተ ክርስቲያን አትቀርም። ዛፍ ሥር ትቆሚና ስትወጣ ታነሻታለሽ፤ አታይሽም። ኸላስ፣ አለቀ። እኔ ፊቷን ነው ያልኩሽ፣ ታርቀሽ ነይ አላልኩሽም።»

ማናል ጠዊላን ከእጄ ወስዳ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። ለምን እንደማትወደው እኔ አውቃለሁ፤ አንድ ቀን ብቻ ነግራኛለች። በተቃውሞው ጊዜ ቡሪ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ቤት ጣሪያ ላይ ሆና በሱ ታነሣ ነበር። አንድ ወጣት በጥይት ተመትቶ ሲወድቅ አየችው። ሌንሱ ፊቱን አምጥቶ ዓይኗ ሥር አስቀመጠላት፤ የሸሚዙን ቁልፍ ሳይቀር አየች። እጇ ግን ጣሪያው ላይ ነበር፤ ልትደርስለት አልቻለችም። ያነሣችውን ለማንም አላሳየችም። ከዚያ ወዲህ ጠዊላን ለሰርግ እንኳ አታወጣውም። አሁን ደግሞ የእናቷን እህት እንደዚያ፣ ሳታያት፣ እንደ ሌባ ከዛፍ ሥር ልታነሣት ነው። ሌንሱን መያዝ ማለት በሩ አይከፈትም ብሎ ማመን ነው፤ መተው ማለት ደግሞ በሩ ከተዘጋ ባዶ እጅ መመለስ። በለጡ ባዶውን እጅ አትችለውም። ይህን ፊቷ ላይ አየሁ፤ አሳዘነችኝ።

«ለምን አትጠይቋትም?» አልኩ። የትሁትን ስልክ ቁጥር ከጎንደር የተመለሰ ሰው አምጥቶ ሰጥቶኝ፣ በለጡ አላይም ብላኝ እኔ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። ከመንግሥት ለውጥ ወዲህ ሰዉ እንደ ልቡ ይመላለሳል።

በለጡ፣ «እኔ አፌን አልከፍትም» አለች። ማናል ግን እጇን ዘረጋች። ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰጠኋት።

«አሎ። ኻልቶ ትሁት? እኔ ማናል ነኝ። የበለጡ ልጅ።»

ወዲያ ማዶ ሬዲዮ ይሰማ ነበር፤ ተዘጋ።

«የማን ልጅ?»

«የበለጡ።»

«እሺ። ምን ፈለግሽ?»

«ለጥምቀት እመጣለሁ። ፎቶ ለማንሳት። አንቺን ማየት…»

አንቱ በያት፣ አንቱ፣ እያልኩ በእጄ አመለከትኳት። ባሰባት።

«አንቱን ማየት ፈለግኩ። እኔ ሦስት ምስር አለኝ።»

«ምን አለሽ?»

«ምስር። ሁለቱን ነው የማመጣው። ትልቁን ምስር ልያዝ ወይስ ልተው ብዬ… እሱ ለሩቅ ሰው ነው። በሩን ከከፈትሽ… ከከፈቱ፣ ትልቁ ምስር ይቀራል።»

እኔ ግንባሬን ያዝኩ። እዚህ አገር ሌንስ ዐደሳ ነው የሚባለው፤ ምስሩም ዐደስ ነው፤ ዐረብ ቅርፁን አይቶ የሰየመው ይመስለኛል። ማናል ደግሞ አማርኛን የለቀመችው ከማድቤት ነው። የምግብና የቁጣ ቃል ከሆነ የሚያክላት የለም፤ ከዚያ ካለፈ ግን ዐረብኛውን በልቧ አዙራ ነው የምትናገረው። ለሷ ልክ ብላለች።

«ትልቅ ምስር» አለች ትሁት፣ ቀስ ብላ። «ጎንደር ምስር ጠፋ አሏችሁ? እሷ ናት ያስያዘችሽ? ምስር ጨጓራዬን እንደሚያቃጥለኝ እያወቀች?»

«ማን አስያዘ!» ብላ በለጡ ከበሩ ተነሥታ መጣች። «ምስር አይደለም፤ የካሜራ መነፅር ነው። ልጅቷ አማርኛ አይሆንላትም።»

ሦስታችንም ስልኩን አየነው። ትሁት የምትዘጋው መሰለኝ።

«ካላስተማርሻት በምን ይሆንላታል» አለች ትሁት።

«ሻይ ስቸረችር ጊዜ መቼ አገኘሁ።»

«ለወሬ ጊዜ አጥተሽ አታውቂም። ጨጓራዬንም ረስተሽዋል።»

«አልረሳሁትም። ተልባ ስትጠጪ አልነበር የሚተውሽ?»

«ወተት ነው።»

«ተልባ ነው። የምወቅጥልሽ እኔ አልነበርኩም?»

«በለጡ፣ የራሴን ሆድ ልታስተምሪኝ ነው? ወተት ነው አልኩሽ።»

እንዲህ እያሉ ቀጠሉ። እንደምን ከረምሽ የለ፣ ይቅርታ የለ፣ ያ ሁሉ ዘመን ያለፈ አይመስልም፤ ተልባና ወተት ብቻ። ማናል ስልኩን በሁለት እጇ እንደ ሙሉ ስኒ ይዛ ትመለከተናለች። ምን እንደሚባባሉ ግማሹ አልገባትም፤ ፊቷ ግን መጋረጃ ላይ ብርሃን ስታይ እንደምትሆነው ሆኖ ነበር። በመካከል የስልኬ ሂሳብ አልቆ ተቋረጠ።

በለጡ፣ «ተልባ ነበር» አለችኝ፣ ዳኛው እኔ እንደሆንኩ ሁሉ። ከዚያ ወደ ማድቤት ገባች። ስለ በሩ ማንም ምንም አልተናገረም። ቆይታ ወጣችና ጠዊላን በአንድ ቶብ፣ በምትለብሰው መከናነቢያ፣ ጠቅልላ ራሷ ሻንጣው ውስጥ አስገባችው። ማናል አልተከራከረችም።

በመንገዱ ዋዜማ ዐማራት ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ስልኬ ጮኸ። ትሁት ናት። ሰላምታ አላበዛችም።

«አንተ ነህ ያኔ የደወልከው? ከበለጡ ጋር የወጣኸው አስተማሪው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ያቺ ልጅ የኛን ሥጋ ትበላለች?»

ያው ነገር፣ አልኩ በልቤ፤ ልትጨርሰው ነው የደወለችው። መዋሸት ምን ያደርጋል። «የአባቷን ሃይማኖት ነው የያዘችው። አትበላም» አልኳት።

«እንደሱ ከሆነ ዶሮውን ይማም ያርድልኛል። ጎረቤቴ ነው፣ እስላም ነው፣ ጸሎቱንም ያውቃል። ድስቱንም ከሚስቱ እዋሳለሁ። እንዳትሳቀቅ ንገራት። ለበለጡም ንገራት።» ዘጋችው።

ሥራዬን ትቼ ወጣሁ። ነዳጅ ጠፍቶ መጓጓዣ ስላልነበረ ከዐማራት ሳጃና በእግሬ ነው የሄድኩት፤ መንገዱ ከእግሬ ሥር እየፈሰሰ ያለ መሰለኝ። ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ጋ የማውቃቸው ሰዎች ጠርተውኝ ኖሯል፤ አልሰማሁም።

ማናል ግቢው ውስጥ ካሜራዋን እየጠረገች፣ በለጡ ልብስ እያጣጠፈች አገኘኋቸው። ትሁት ያለችውን እንዳለ ነገርኳቸው፤ ድስቱንም ሳልተው።

«ማን ያርዳል አልክ?» አለች በለጡ።

«ይማም። ጎረቤቷ።»

«ቢስሚላህ ብሎ?»

«ቢስሚላህ ብሎ።»

ማናል ሻንጣውን ከፈተች። ጠዊላን ከነጨርቁ አውጥታ ወደ ቤት ይዛው ገባች፤ የቁም ሣጥን ሲከፈት ሰማሁ። በለጡ የገመድ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ማልቀስ ጀመረች።

«ጣይብ» አለች። «አንድ ቀን ይጠሩናል ይለኝ ነበር። ጎንደር ብርድ ነው ብዬ ነግሬው ካፖርት ገዝቶ ነበር እኮ፣ አንተነህ። በካርቱም፣ ካፖርት። ባለሱቁ የሳቀበትን ሳቅ! ለሱ ዶሮ የሚያሳርድለት ጠፍቶ ሞተ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጥቂት አለቀሰችና ፊቷን በቶቧ ጠርጋ ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ ጥቁር የወንድ ካፖርት ይዛለች፤ ትከሻው ላይ ያለው የሱቁ የዋጋ ወረቀት እንኳ አልተነሣለትም። አጣጥፋ ጠዊላ የነበረበት ቦታ ላይ አስገባችው። አልበቃ ሲላት በጉልበቷ ተጭና የሻንጣውን ዚፕ ዘጋችው።

«ዩማ፣ ይሄ ለኔ ይሰፋኛል» አለች ተመልሳ የወጣችው ማናል።

«ይስፋሽ» አለች በለጡ። «በሩ ሲከፈት ለብሰሽው ግቢ።»