በጓዳው በር ላይ የተዘረጋው ሐዲድ

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር። ይህን ስናገር መሐል ሜዳ ወዳለችው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቄ የሚመጡ ወጣቶች ይስቃሉ። አልፈርድባቸውም፤ ያኔ መንዝ ውስጥ እንኳን ባቡር፣ መኪና ያየም ሰው ወሬው ለሳምንት ይበቃው ነበር። እኔ ግን ገበያው እንደሚያውቀኝ ቆጥሬ የምሰጥ፣ ቆጥሬ የምቀበል ሰው ነኝ፤ ያላየሁትን አላወራም።

ቤታችን ከሞላሌ ከተማ በወንዝ የሚለይ ቀበሌ ውስጥ ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ የምንኖረው ከእናቴ፣ ከታናሽ እህቴ ከጥሩዬና ከእናቴ ወንድም ከጋሼ ሞገስ ጋር ነው። ጋሼ ሞገስ ቆላ ወርደው በባቡር መስመር ዳር የስልክ ሽቦ ሲጠግኑ ኖረው፣ ጤና ሲያጡ አንድ የእንጨት ሳጥን ተሸክመው ወደ እህታቸው ቤት የተመለሱ ሰው ነበሩ። ሳጥኑ ውስጥ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የተጠቀለለ ሽቦና ከተሰበረ ቴፕ የተፈታች ትንሽ ሞተር ነበሩ። ሲመሽ፣ ጋዙ እንዳያልቅ የፋኖሱ ክር ዝቅ ተደርጎ የቤቱ ብርሃን የፍሙ ብቻ ሲሆን፣ ስለ ባቡሩ ያወሩን ጀመር፤ ያኔ ጭሱ ከምድጃው ተነስቶ ወደ ጣሪያው ሲጥመለመል እኔና ጥሩዬ የባቡሩ ጭስ ነው ብለን እናየው ነበር።

በዚያ ክረምት ጥሩዬን ኩፍኝ ያዛት። ሽፍታው ለቀቃት፤ አፏና ጉሮሮዋ ግን ቆስሎ ነበርና እህል አልቀምስ አለች። ጎረቤቶች ሞላሌ ጤና ጣቢያ ሊያደርሷት ቃሬዛ ይዘው መጡ፤ የወንዙን ሙላት አይተው ቃሬዛውን ግድግዳችን ላይ አስደግፈው ተመለሱ። ወንዙ እስኪጎድል ድረስ ያለን ነገር እናቴ የምታፈላው የገብስ አጥሚት ብቻ ነበር፤ ጥሩዬ ደግሞ ማንኪያው ሲቀርብ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

የመጀመሪያውን ዘዴ ያመጡት ጋሼ ሞገስ ናቸው።

«ባቡሩ አዋሽ ደረሰ» አሉ፣ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠው። «ደረሰና ቀጥ አለ። ውኃ ካልጠጣ ንቅንቅ አይልም። ማን ያጠጣልኝ? ጥሩዬ፣ እስቲ አንዴ ዋጪለት።»

ጥሩዬ ዋጠች፤ ባቡሩም ተነሳ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰነበተ፤ በየጣቢያው አንድ ማንኪያ፣ አንዳንዴም ሽቅብ ሲወጣ ደክሞት ሁለት። ችግሩ መስመሩ መጨረሻ ያለው መሆኑ ነው። ባቡሩ ባሕር ደረሰ። ጋሼ ሞገስ አዙረው ሊመልሱት ሲሞክሩ ጥሩዬ ያዘቻቸው።

«ይቺን ጣቢያ አልፈናታል።»

«እየተመለስን ነዋ!»

«ውሸትዎን ነው። ባቡር የሚባል ነገር የለም።» ከንፈሯንም ገጠመች።

እናቴ ማንኪያውን እንደያዘች «አንተ ሞገስ፣ አንድ ነገር በላት እንጂ!» ብላ ጮኸች።

ጋሼ ሞገስ ወደ ሳጥናቸው አየት አደረጉና «ሠርቼልሽ፣ ሲሄድ በዓይንሽ ብታዪውስ ትጠጫለሽ?» አሏት። ጥሩዬ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

በማግሥቱ የጓዳውን በር ነቀሉት።

«በሬን? ድመቷ ቅቤዬን ትጨርሰው?» አለች እናቴ።

«በሩ ይመለሳል እትዬ፤ ልጅቷ ግን…» አሏት፤ ሌላውን አልጨረሱትም።

በሩን መሬት ላይ አጋድመን ሥራ ጀመርን። የአጥር ሽቦ በድንጋይ ቀጥቅጠን አቀናንና በሁለት መስመር ጎን ለጎን እንደ እንቁላል ቅርጽ አዞርነው፤ ከሥሩ የባሕር ዛፍ ፍልጥ እየደረደርን በትናንሽ ሚስማር ያዝነው። ሰረገላው የሳልሳ ቆርቆሮ፣ ጎማዎቹ የጠርሙስ ቆርኪ ነበሩ። ሁለቱን ቆርኪ የሚያገናኘውን ዘንግ በሽቦ ላድርገው ብል ጋሼ ሞገስ እጄን መቱኝ። «እንጨት ነው የሚሆነው! ቀኙና ግራው ሐዲድ የሚገናኙት በሞተሯ ውስጥ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ከተነካኩ ኃይሉ መንገድ ላይ ፈሶ ይቀራል።» ያኔ የሰማኋት ይቺ ቃል ናት እስከ ዛሬ እንጀራ የምታበላኝ። ኃይሉ ከባትሪ ድንጋይ የሚመጣ ነው፤ ግማሹን ከኛ የእጅ ባትሪ፣ ግማሹን ጎረቤታችን ከሬዲዮናቸው አውጥተው ከሰጡን አገኘን። ሁሉም የደከሙ ስለነበሩ በየማታው ትኩስ አመድ ዳር ደርድረን እናሞቃቸው ነበር፤ ሲሞቁ ጥቂት ነፍስ ይዘራሉ።

ሥራው እየገፋ ሲሄድ ጥሩዬ እያነሰች ሄደች። ያኔም መለካት እወድ ነበርና በየጠዋቱ ክንዷን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሐል አስገብቼ አያለሁ። አንድ ቀን ጣቶቼ ተደራርበው ሳገኛቸው መለካቱን ተውኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

በመጨረሻ ጥሩዬ ተኝታ ሳለች ባቡሯን ሞከርናት። ጎማው ላይ በጠባብ ላስቲክ የታሰረችው ሞተር አጉረመረመች፣ ቆርቆሮዋ ተንቀጠቀጠችና ሄደች፤ በሩን ዞራ መጣች። ጋሼ ሞገስ ቶሎ ሽቦውን አላቀው «ይብቃት፣ ኃይሉን ለጥሩዬ እናቆየው» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ እኔን አስከትለው እንጨት ሊያመጡ ወጡ።

ስንመለስ ጥሩዬ ነቅታለች። እናቴ ደግፋ አስቀምጣ በነጠላዋ ጠቅልላታለች። ጋሼ ሞገስ ሽቦውን አገናኙ። ሞተሯ አጉረመረመች፤ ቆርቆሮዋ አንዴ ዘለል አለችና ቆመች። ሽቦውን ፈትተው አሰሩት። ያው። ድንጋዮቹን አገላበጡ። ያው። ከዚያ ጣታቸውን ሐዲዱ ላይ አሳልፈው አሸተቱት።

«ቅቤ?»

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ። «እንዳይንገጫገጭ ብዬ ነው። ለስለስ ብሎ እንዲሄድላት።»

እኛ ቤት የደረቀና የሚንቋቋ ነገር ሁሉ ቅቤ ይቀባል፤ ጠፍሩ፣ ቁርበቱ፣ የበሩ ማዞሪያ፣ የሚያመው ራስ። ሐዲዱንም ዙሪያውን አዳርሳዋለች፤ ቅቤው ላይ ደግሞ የቤቱ ጥላሸት ተለጥፎበታል።

«ኃይል በቅቤ ላይ አያልፍም እኮ፣ እትዬ» አሉ ጋሼ ሞገስ፤ ሳይቆጡ፣ በጣም ቀስ ብለው። የባሰውም ያ ነበር። በጨርቅ ጠረግን፣ በአሸዋ ፈተግን። አንድ ቦታ ሲጠራ ባቡሯ ሌላ ቦታ ትቆማለች፤ እየሞከርን ሳለ ድንጋዮቹ አለቁ። ጋሼ ሞገስ ፍሙ አጠገብ አስጠግተው አንድ ጊዜ አሞቋቸው፤ ሽቦውን አገናኙት። ባቡሯ ተነሳች። ግማሹን መንገድ ሄዳ እናቴ ጉልበት ዘንድ ስትደርስ እያዘገመች፣ እያዘገመች ቆመች።

ጥሩዬ ዓይኗን ጨፈነች።

ጋሼ ሞገስ ፒንሳውን እንደጨበጡ አንገታቸውን ደፉ። እኔ እናቴን አየሁ። ፊቷ ላይ ደም የሚባል አልነበረም፤ ድንገት ግን በገበያ ድምፅዋ «ምን አፍጥጣችሁ ታያላችሁ? ጣቢያ ደርሶ ነው የቆመው!» አለች።

ጥሩዬ ዓይኗን ሳትገልጥ «የምን ጣቢያ?» አለች።

«ሞላሌ ነዋ። ገበያ ቀን ነው፣ ሰዉ እየወረደ ነው። እትዬ ደብሪቱስ በሩ ጠቧት በግዋን አቅፋ ተወትፋ የለም እንዴ! ትኬት ቆራጩ ‹ለበጉም ክፈይ› ቢላት፣ ‹በጉ እንደ አንተ ነው እንዴ፣ ተቀምጦ የሚሄድ? ቆሞ ነው የመጣው!› ብላ አፋጠጠችው።»

እትዬ ደብሪቱ አንዲት ወፍራም ጎረቤታችን ናት። የጥሩዬ የአፍ ዳር ነቃ አለ።

«ወረደች?»

«በምን አቅሙ ያውርዳት፣ ባቡሩ ውኃ ሳይጠጣ?» ማንኪያው ቀረበ። ጥሩዬ ፊቷን አኮማትራ ዋጠች።

እናቴ በቅቤው ጣቷ ባቡሯን ገፋ አደረገቻት። ቀጣዩ ጣቢያ የኛው ወንዝ ሆነ፤ ከወንዙ ወዲያ የጎረቤት ሰው ሁሉ በየተራ ተሳፈረ፣ ተጣላ፣ ትኬት ጠፋበት። በዕድሜዋ ከመሐል ሜዳ ያለፈ አገር ያላየች ሴት ባቡር ስትነዳ ጋሼ ሞገስ አፋቸውን ከፍተው አዩዋት።

«እትዬ፣ በዚያ በኩል እኮ ሐዲድ የለም» አሉ፣ እንደ ሕልም።

«አንተ ዝም በል! እኔ ዘርግቼዋለሁ።»

ወንዙ እስኪጎድል በዚህ ሁኔታ ቆየን። ከዚያ ጎረቤቶች ጥሩዬን ተሸክመው አሻገሯት፤ ተረፈች። ዛሬ የልጅ ልጅ ያላት ሴት ናት፤ ከዚያ ክረምት የምታስታውሰው የበጉን ክርክር ብቻ ነው። ጋሼ ሞገስ በሩን ወደ ቦታው መለሱት፤ ስለ ባቡር ግን ከዚያ ወዲያ አላወሩም። ስንለምናቸው «እናታችሁን ጠይቁ» ይሉን ነበር።

እናቴን የጠየቅኋት አርጅታ፣ እኔም ልጆች ወልጄ ነው። ያን ሁሉ ጨዋታ ከየት እንዳመጣችው ባላት፣ ጨዋታ አልነበረም አለችኝ። «ወሬዬ ሲያልቅ የምትሞት መስሎኝ ነው ያወራሁት።»

እኔ ያኔ አጠገቧ ተቀምጬ እስቅ ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው ለልጅ ተረት ሲያወራ ብሰማ፣ ተራኪው ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም ባለ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል፤ ቀጥሎ ቃል እስኪወጣው ድረስም ከቆምኩበት አልነቃነቅም።