የጋሽ ዩሱፍ ሳይክል ሌላ ሰው ጋ ታየች

ያለፈው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት ሻይ ልጠጣ ወደ መናኸሪያው ብቅ ስል ነው ያየኋት... የጋሽ ዩሱፍ ሳይክል። ሌላ ሰው ጋ፣ ተገልብጣ፣ ጎማዋ ወደ ላይ።

ነገሩን ከስሩ ልንገራችሁ። እኔ ታምራት እዚህ ጭሮ ከተማ ሳይክል እጠግናለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ጋሽ ዩሱፍ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሱቄን የከፈትኩ ቀን የመጀመሪያ ደንበኛዬ እሳቸው ነበሩ። ያቺን አረንጓዴ ሳይክል ከኔ በቀር ማንም ፈቷት አያውቅም። ካቴናዋን ሦስቴ ቀይሬያለሁ፣ የፍሬን ጎማዋን ስንቴ እንደቀየርኩማ ረስቼዋለሁ። ከተማችን እንደምታውቁት ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ በፍሬን አይቀለድም። ደግሞ ሊያሠሩ ሲመጡ ዝም ብለው አይጠብቁም፣ አጠገቤ ቁጭ ብለው ያወሩኛል። እኔ አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት... ገብቷችኋል መቼም።

የገለበጣት ሰውዬ ጀማል ይባላል። ከሚኤሶ መጥቶ መናኸሪያው ጀርባ ሥራ ከጀመረ ገና ወራት ነው። እኔ የማውቀው ባጃጅ ሲያጥብ ነበር። አሁን ግን ጎንበስ ብሎ በጥርስ ብሩሽ የኔን ካቴና ይፈትጋል። የኔን! በዛ ላይ ያፏጫል።

ሻዩን ሳልጠጣ ተመለስኩ።

እቤት ገብቼ እራት አልበላ ሲለኝ ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ነገርኳት።

«ውይ አንተ ሰውዬ... ሳይክል እኮ ናት። በኔ እንኳን እንዲህ ቀንተህ አታውቅም» ብላ ሳህኑን አነሳችው።

እውነቷን ነው። እኔ ግን ስገላበጥ አደርኩ። ምን አጠፋሁ? ምን ጎደለባቸው? እጁ ከኔ እጅ ምን ይበልጣል?

በነጋታው አርብ፣ ጋሽ ዩሱፍ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሳይክላቸውን እየገፉ መጡ። ምንም እንዳልተፈጠረ።

«አከም ጂርታ፣ እንዴት ነህ ታምሬ? ፍሬኗን እስቲ እያት» አሉኝ።

እዚህ ላይ የሱቄን ሕግ ማወቅ አለባችሁ። ሳይክል ስትመጣልኝ መፍቻ ከማንሳቴ በፊት ካቴናዋን በነጭ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ጨርቁ ከጠቆረ ከፍ አድርጌ ለባለቤቱም፣ እዚያ ለቆመው ሰው ሁሉም አሳያለሁ። «ይሄ ካቴና ነው ወይስ የድስት ቂጥ? ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ሐኪም ጋ ይሄዳል?» እላለሁ። የቆመው ሁሉ ይስቃል። ያልጸዳ ካቴና የሚዞርበትን ጥርስ ይበላል፣ አንድ ቀን ዳገት ላይ ይበጠሳል፣ ስለዚህ እኔ ሰው እያስተማርኩ ነው የሚመስለኝ።

ጨርቄን አነሳሁ። ጠረግኩ... ነጭ። ሌላ ቦታ ጠረግኩ... ነጭ። የጎማዋን ሽቦዎች፣ ራጂዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። የሆነ ጥፋት ባገኝ ብዬ ኩሽኔታው ድረስ ፈታሁ። አንዲት አሸዋ የለችም። ሰውዬው ሥራውን ያውቃል፣ አንጀቴን ያሳረረኝም እሱ ነው።

«በጣም ንጹሕ ናት ጋሼ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ»

«ማን ነው እንዲህ የሚንከባከብልዎት?»

ኮፍያቸውን አወለቁና መልሰው ደፉት።

«ሌላ ሰው ካገኙ እኔ ጋ ምን አመጣዎት ታዲያ? ጥፋት ካለብኝ ይንገሩኝ እንጂ...» አልኩ።

ጋሽ ዩሱፍ የመፍቻ ሳጥኔ ላይ ቁጭ አሉ።

«አንተን ፈርቼ ነው» አሉኝ።

«እኔን?»

«ወላሂ። ባለፈው ወር ያንን ጨርቅ ስታነሳ የድሮ ተማሪዎቼ እዚህ ቆመው ነበር። ጠዋት ጠዋት አሰልፌ የጥፍራቸውን ንጽሕና ስመለከት የነበሩ ልጆች... ሳቁብኝ። ጉልበቴ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ማጠቡን እምቢ አለኝ። ስለዚህ ጀማል ጋ አሳጥቤ ነው አንተ ጋ የማመጣት። ፍሬኔን ግን ካንተ ሌላ ለማን አምኜ እሰጣለሁ አቦ?»

የምገባበት ጠፋኝ። ሌሊቱን ሙሉ የቀናሁበት ሰውዬ የኔ አፍ ያመጣው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይሄ ነው።

ሳይክሏን ሠርቼ ከሸኘኋቸው በኋላ ወደ ጀማል ሄድኩ። ሰላም ልለው ነበር ሐሳቤ። ስደርስ ሦስት ሳይክሎች ተደርድረዋል። ሦስቱንም አወቅኳቸው፣ ሦስቱም የኔ ደንበኞች ናቸው። ጀማል ደግሞ አጥቦ የጨረሰውን ካቴና በምን ያጣራል? በነጭ ጨርቅ።

«ይሄን ማን አስተማረህ?» አልኩት።

«ደንበኞቹ ናቸዋ። ታምራት ጋ ሳንሄድ በነጭ ጨርቅ ሞክርልን ይሉኛል። አላህ ይስጥህ ወንድሜ፣ አንተ ባትቆጣ ኖሮ እኔ ሳይክል የሚባል አላጥብም ነበር» አለኝ ከልቡ። አላሾፈም፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

ጨርቄን ያን ቀን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ትናንት ደግሞ ያ ሁሉ ዝናብ ጣለ። ሲያባራ ጋሽ ዩሱፍ በሩ ላይ ቆመዋል። ሳይክሏ እስከ ኮርቻዋ ጭቃ፣ ካቴናዋ አይታይም።

«ፍሬኑ እምቢ አለኝ፣ ቀጥታ አንተ ጋ መጣሁ... ቆሽሻለች ግን» አሉ፣ ዓይናቸው እጄ ላይ ነው። ጨርቁን እየፈለጉ።

«ይግቡ ጋሼ» ብዬ ባልዲውን አነሳሁ።

አሥራ አራት ዓመት ጭቃ ስረግም ኖሬ... ትናንት ግን ከነጭቃዋ ሳያት ደስ አለኝ። ማንም አልነካትማ።