አያቴ የሳቁበት ቀን

ላሊበላ፣ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ የአያቴ ዓይኖች ቴሌቪዥኑን ሞልተው መጡ። እንባቸው ይወርዳል፤ ከሥር ዋሽንት ይሰማል፤ ተራኪው ስለ ረሃብ ያወራል። አጠገቤ የነበረች ሴት፣ "እኔን ይድፋኝ! ምስኪን አባት" ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ያ ሲቀረጽ ገነተ ማርያም፣ ከዐለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ዘንድ፣ አብሬያቸው ነበርኩ፤ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ። ፊልም ሠሪዎቹ መሪጌታ አያቴን ዐለቱ ሥር አስቀምጠው ስለ ድርቁ ዘመን ይጠይቋቸዋል። ድምፅ የሚቀዳው ሰውዬ ረጅሙን ማይክ እንደያዘ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ጭቃው ላይ በጀርባው ተዘረረ። አያቴ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔም ክንዳቸውን ይዤ አብሬ ሳቅኩ።

ፊልሙ ሲወጣ ሳቁ የለም። አፋቸውም አይታይም። የሚታየው የራሰ ዓይናቸው ብቻ ነው። ከፍላቂት ዘመዶቻችን አያቴ ተርበዋል ብለው እህል ጭነው መጡ። አያቴ በኀፍረት እህሉን መለሱና፣ "ልጄ፣ እንባውስ የኔ ነው፤ ሐዘኑን ከየት አምጥተው ለጠፉብኝ?" አሉኝ። ለማን አቤት እንደሚባል ሳናውቅ አረፉ። ፊልሙ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይታያል፤ ባየሁት ቁጥር እበግናለሁ።

"እየሳቁ እኮ ነው!" ልላት ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ። ካሜራው ይበልጥ ቀረበ፤ ዋሽንቱም ከፍ አለ። ሳቃቸውን በጆሮዬ የሰማሁትን እኔንም እንባዬ ቀደመኝ።