«ሐጂ፣ ክብሪቱን እንዳይጭሩ!»

ይህ የገጠመኝ ባለፈው የሸዋል ዒድ ሰሞን፣ እዚሁ ሐረር ነው። አንዲት ክብሪት ሰውን እንዲህ ታስጨንቃለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ኤረር በር አካባቢ ለውዝ ፈልፋዮች የሚጥሉትን ቅርፊት ሰብስቤ፣ አየር በማያስገባ በርሜል አግዬ፣ ጭሱን በቧንቧ እያቀዘቀዝኩ ለምድጃ የሚሆን ዘይት አወጣለሁ። እናቴ «ሰው ልጅ ያሳድጋል፣ አንቺ በርሜል ታሳድጊያለሽ» ትለኛለች።

ዘይቱ እንደወጣ ሲያነዱት ግሩም ነው። ችግሩ ሲቀመጥ ነው። ጥቂት ሳምንት ከቆየ እንደ ማር ይወፍርና የምድጃውን ቀዳዳ ይደፍናል። ሐላዋ የሚባለውን ጣፋጭ ሠርተው የሚሸጡ አንድ ሐጂ ሁለት ጊዜ ሞክረውልኝ፣ ሁለቴም እሳቱ መሐል ላይ ጠፍቶ ድስት ሙሉ ሐላዋ ተበላሸባቸው።

«ልጄ፣ ለዒዱ አንዴ ልሞክርልሽ። አሁንም ካልሆነ ወላሂ ወደ ከሰሌ ነው» አሉኝ። ሌላ የሚሞክርልኝ ሰው አልነበረኝም።

ዘይቱን በጥቅጥቅ ጨርቅ ደጋግሜ አጣርቼ የከሰል ብናኙን አወጣሁለት። ትንሽ አልኮል ቀላቀልኩበትና አሽጌ አስቀመጥኩት። ከወራት በኋላ ስከፍተው ኩልል ብሎ ፈሰሰ! ብቻዬን ጨፈርኩ።

በቀጠሯችን ቀን ሐጂ ዘይቱን ምድጃው ውስጥ ሞልተው፣ «ቢስሚላህ» ብለው ክብሪት አወጡ። ያኔ ብልጭ አለልኝ። አልኮል! በእሳቸው ቤት፣ ለዒድ ሐላዋ! እኔ ክርስቲያኗ እስከዚያች ደቂቃ አላሰብኩትም።

«ሐጂ፣ ክብሪቱን እንዳይጭሩ!»

ሠራተኞቹ ሊፈነዳ ነው ብለው እግሬ አውጪኝ አሉ። አንደኛው ጫማውን ጥሎ ሮጠ።

«ምን ሆንሽ?» አሉ ሐጂ።

«አልኮል አለበት። እንዳይወፍር ብዬ የጨመርኩት ነው። ሳልነግርዎ ቢያነዱት ደስ አይለኝም።»

ክብሪቱን አስቀመጡ። ስልካቸውን አውጥተው ለሚያማክሯቸው ሼህ ደወሉ። በቃ፣ ልፋቴ ገደል ገባ አልኩ።

«ይጠጣል ወይ?» ብለው ዞሩብኝ፣ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ።

«ኧረ ሐጂ፣ ይመርዛል!»

«ሐላዋው ውስጥስ ይገባል?»

«አይገባም፣ ከድስቱ ሥር ነድዶ ያልቃል።»

ለሼሁ ደገሙላቸው። ጥቂት አዳመጡና በሳቅ ፈነዱ። «ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹ላትጠጣው፣ ልታቃጥለው ነው? አቃጥላት እንጂ!›»

ክብሪቷ ተጫረች። እሳቱ ቦግ አለ። ሐላዋው በስሎ እስኪወርድ አንድም ጊዜ አልጠፋም! ሐጂ «ማሻአላህ» እያሉ ትኩሱን ቆርሰው ሰጡኝ። ምላሴን ለበለበኝ፣ ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም።

ዝም ብልም እሳቱ ይነድ ነበር። ያ ሐላዋ ግን በጉሮሮዬ አይወርድልኝም ነበር።

አሁን የሐጂ ምድጃ በእኔ ዘይት ነው የሚሠራው። ጀሪካኔን ይዤ ስገባ ሠራተኞቹ ዛሬም በሩን ያያሉ። ሐጂ ግን ክብሪታቸውን ከፍ አድርገው፣ «እህ፣ የኔ ልጅ፣ ዛሬስ ልጫር?» ይሉኛል።