ከሽቦው ወዲህ የተነሱ ፎቶዎች

«ለመሆኑ እዚያ ምን ጎደለሽ?» ይሉኝ ነበር አማቴ በስልክ። እስከ ዛሬ መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ይኸው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ምንም» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን የተጠየቅኩትን ቃል እንደወረደ የምይዝ ሰው ስለሆንኩ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ቁጭ ብዬ ጎደለ የሚባለውን እፈልጋለሁ። ባሌ አይጠጣም፣ አይሳደብም። ልጄ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ጁባ፣ አማራት ሰፈር ያለው ምግብ ቤታችን ደንበኛ አያጣም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ። ይኼ ነው የምለው ጉድለት አጣለሁ። ኋላ ለእሳቸው ለራሳቸው የነገርኳቸው ነገር እንኳ የዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረም።

ጥያቄው የሚመጣው ፎቶ በላክን ማግስት ነው። ፎቶ አንሺዋ ደግሞ እኔ ነኝ።

ካሜራውን የገዛሁት ቶንፒንግ ሰፈር ይኖር ከነበረ ደንበኛችን ነው። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ይሸጥ ነበርና ፍራሽ ልገዛ ሄጄ ካሜራ ይዤ ተመለስኩ። ባሌ በሩ ላይ ሲያየኝ፣ «ፍራሹስ? ፎቶውን አንስተሽ መጣሽ?» አለኝ። ከካሜራው ጋር የመጣውን የአጠቃቀም መጽሐፍ መዝገበ ቃላት ከጎኔ አድርጌ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ፊደል የቆጠርኩት ታናናሾቼን አሳድጌ ከጨረስኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት፣ ከልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ እጄ የገባ ጽሑፍ፣ የመድኃኒት ወረቀት እንኳ ቢሆን፣ ሳልጨርሰው አልተውም።

ሳልጨርስ የተውኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመምህራን ኮሌጅ ልመረቅ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ባሌ ጁባ ላይ ምግብ ቤት ከፈተ። «እስኪቋቋም ድረስ» አለኝ። መጣሁ። ምግብ ቤቱ ተቋቋመ። ከዚያ «ከፋሲካ በኋላ» ሆነ፤ ፋሲካ ሲያልፍ «ልጅቷ ክፍሏን ትጨርስ» ሆነ፤ ልጅቷ ስትጨርስ ወጥ ቤቷ ሠራተኛችን አግብታ ሄደችና «ሌላ እስክናገኝ» ሆነ። አንዱም ውሸት አልነበረም። እንዲያ ስለሆነም ነው መከራከሪያ ያጣሁት። ክፉ ባል ያላት ሴት የምትሸሽበት ምክንያት አላት፤ እኔ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጬ ሒሳብ እየተቀበልኩ፣ ማንም ሳይከለክለኝ፣ መውጫ አልነበረኝም።

ጁባ ውስጥ ካሜራ አንጠልጥሎ መንገድ ለመንገድ መሄድ የለም። ፈቃድ ይጠየቃል፤ ፈቃድ ያለውም ቢሆን ድልድዩን፣ ወታደሩን፣ መሥሪያ ቤቱን አያነሳም። ስለዚህ የእኔ ካሜራ ከግቢ የሚወጣው እሑድ፣ ከቤተክርስቲያን መልስ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ከምሳው ሥር ነው። «ኮንትሮባንዱ ተጫነ?» ይላል ባሌ መኪናውን ሲያስነሳ። ድልድዩን እንሻገራለን፤ ጉምቦ የሚባለውን ሰፈር አልፈን ወንዙ ዳር የአንድ ወዳጃችን የማንጎ ጓሮ አለ። እሱ ጋምቤላ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ አገሩ ነጻ ስትወጣ የተመለሰ ደቡብ ሱዳናዊ ነው። እዚያ ዛፉ ሥር ስደርስ ትንፋሼ ይመለሳል። ከውሃው በላይ አየር ላይ ቆሞ ክንፉን እያርገበገበ ዓሣ የሚጠብቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ አለ፤ እሱን ስጠብቅ ምሳዬን እረሳለሁ። ልጄ፣ «እማዬ፣ ወፉ በላ፣ አንቺ አልበላሽም» ትለኛለች።

አንድ እሑድ ስንመለስ፣ ድልድዩ ጋ ሳንደርስ፣ አንድ ቆርቆሮ ቤት ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተደርድረው አየሁ። ራሰ በራ ሽማግሌዎች ለእርቅ የተቀመጡ ይመስላሉ። ከመኪናው መስኮት አንዴ አነሳኋቸው። ቤቱ የማን እንደሆነ አላወቅኩም። ወዲያው ወታደር መጣ። «ሱራ ማፊ!» አለ፤ ፎቶ የለም ማለቱ ነው። ባሌ በጁባ አረብኛው እየሳቀ፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ አግባባው። እኔ ግን ሁሉንም አጥፊ ተባልኩ። ጣቱን ከካሜራው ሳያነሳ አንድ በአንድ አስጠፋኝ፤ አባ ኮዳዎቹን፣ ልጄ ውሃ ስትረጭ ያነሳኋትን፣ ስንት እሑድ የጠበቅኩትን ወፍ ዓሣውን ይዞ ሲነሳ።

ከዚያ በኋላ ባሌ፣ «ለጊዜው ግቢ ውስጥ አንሺ» አለኝ። ልክ ነበረ፤ የሚፈራው ለእኔ ነው። ግቢያችን ደግሞ ግንብ ነው፤ ከግንቡ በላይ ጥቅል እሾህ ሽቦ፤ ከሽቦው በላይ ሰማይ። ሽቦው ላይ የሚያርፉትን ድንቢጦች አነሳሁ። ወደ አገር ቤት የሚላከው ፎቶ ግን ሌላ ነው። በበዓል ሁላችንም ነጭ ለብሰን እንቆምና ባሌ፣ «ሽቦው እንዳይገባ» ይለኛል። ወንበር ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳነሳ ሽቦው ይቀርና የአበባው ማሰሮ ይገባል። በዚህ ሙያ ተካንኩ። የወንዙ ዳር ፎቶ ሲላክ ደግሞ ከሥሩ «ዓባይ ዳር» ብሎ ይጽፍበታል። ይኼ ነጭ ዓባይ ነው፣ የእኛው እዚህ አይደርስም አልኩት። «ለእናቴ ነጩና ጥቁሩ ምን ያደርግላታል?» አለኝ።

አማቴ ጥር ላይ ሊጠይቁን መጡ። በሩ ተከፍቶላቸው ሲገቡ መጀመሪያ የጠየቁት «አትክልቱ የታለ?» ብለው ነው። ልጄ እጃቸውን ይዛ ማሰሮው ጋ ወሰደቻቸው። በዘንጋቸው ነካ አደረጉትና፣ «ይቺ ናት?» አሉ። ቀና ብለው ሽቦውን አዩት። ውሎ ሲያድር ጠዋት ከበሩ ውስጥ ተቀምጠው፣ «እናንተ ጎረቤት የላችሁም? ቡና ጠጡ የሚል የለም?» ማለት ጀመሩ።

የመጀመሪያው እሑድ ወንዝ ወሰድናቸው። የጓሮው ባለቤት በአማርኛ ሲቀበላቸው ክው ብለው የት እንደተማረው ጠየቁት። «እማማ፣ እኔ ነኝ የአገርዎ ልጅ፤ ስደተኞቹ እነዚህ ናቸው» አለ፣ በአገጩ ወደ እኛ እያሳየ። እስኪደክማቸው ሳቁ።

ከምሳ በፊት ጫማቸውን አውልቀው ዳሩ ላይ ካለ ድንጋይ ተቀመጡ። እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው መጥተዋል፤ ውሃውን ለማኅበርተኞቻቸው ሊወስዱ ነው።

«አንሺኝ በይ፣ ወንዙ በደንብ ይታይ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ውሃው ጎንበስ ብለው፣ «አይ ዓባይ፣ አንተ እንኳ ከእኔ ቀድመህ ልጄን መጥተህ አየኸው» አሉ።

ባሌ ከኋላቸው ቆሞ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ዝም በይ ማለቱ ነው። ካሜራውን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። ፊታቸው ላይ ብርሃኑ መልካም ነበር፤ ከዚያ የተሻለ ፎቶ ጁባ ውስጥ አላገኝም። ጣቴ መጫን እምቢ አለኝ።

«እማማ፣ ይኼ የእኛ ዓባይ አይደለም» አልኩ።

«ጀመረች አስተማሪዋ» አለ ባሌ። ሳቀና የሚጠበሰውን ዓሣ ሊያይ ከወዳጃችን ጋር ወደ እሳቱ ሄደ። ልጄም ተከተለችው። እኔ በእንጨት አሸዋው ላይ ሁለት መስመር ስዬ አሳየኋቸው፤ ይኼኛው ከላይ ከሐይቆቹ እንደሚመጣ፣ የእኛው በሌላ በኩል ወርዶ ካርቱም ላይ እንደሚገናኙ፣ እዚህ የእኛ ጠብታ እንደሌለ። እግራቸውን ከውሃው አወጡ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«ደስ ስላለዎት።»

«ደስ ስላለኝ» አሉ ቃሌን እንደ ወለቀ ጥርስ በአፋቸው እያገላበጡ። «ሌላስ? ደስ ይበላት ብላችሁ የደበቃችሁኝ ምን አለ?»

እንደ ቀልድ ነው የጠየቁት። ወደ እሳቱ አየሁ፤ ባሌ ጎንበስ ብሎ ፍሙን ያራግባል። ለእህቶቼ ያልነገርኩት፣ ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩት ነገር የባሌ እናት ፊት ወጣኝ።

«አገሬ መመለስ እፈልጋለሁ።»

«ልጄ ምን አደረገሽ?»

«ምንም አላደረገኝም።»

«ሴት አለበት?»

«የለበትም።»

«ታዲያ?»

«አንድ ዓመት ትምህርት ይቀረኛል። ልጄን ይዤ ሄጄ ልጨርሰው እፈልጋለሁ።»

«ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

እግራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቀስ ብለው አደራረቁ። ለልጃቸው የሚያዝኑ፣ በእኔ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ተቆጥተውም ነበር፤ ግንባራቸው ላይ አየሁት። ቢሆንም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ስሚ። ጉልበቴ ብሶብኛል እለዋለሁ። ብቻዬን አውሮፕላን አልወጣም፣ ታድርሰኝ እለዋለሁ። እኔን እምቢ አይለኝም። እዚያ ከደረስን በኋላ እናውቅበታለን።»

ይኼ ትልቅ ውለታ ነው። በእኛ ዘንድ ሴት «ልሂድ» ብላ አትሄድም፤ የሚያስኬድ ነገር ይፈለግላታል፤ ሕመም፣ ለቅሶ፣ ስለት። ማንም አያፍርም፣ ማንም አይጠየቅም። እሺ ብል በሳምንቱ አውሮፕላን ላይ ነኝ። አፌ «እሺ» ሊል ከፈት ብሎ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ያለውንም አየሁት፤ ጉልበታቸው የዳነ ለታ ስልክ ይደወላል።

«እማማ፣ አድራሽ ይመለሳል» አልኳቸው።

ጫማቸውን ወደ እግራቸው ሳብ አደረጉ። «ምን ልትዪው ነው ታዲያ?»

«ለእርስዎ ያልኩትን።»

ባሌ ዓሣውን በትሪ ይዞ መጣ። ሁለታችንንም አይቶ፣ «ምነው? በዓባይ ተጣላችሁ?» አለ። እናቱ ተነሥተው ትሪውን ከእጁ ተቀበሉት።

«ሚስትህ የምትልህ አለ» አሉትና ልጄን እጇን እንድትታጠብ እየጠሩ ወደ ዛፉ ሄዱ።

እናቱ የተነሡበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ነገርኩት። በልቤ ስንት ዓመት ያሰማመርኩት ንግግር አልነበረም፤ ተቆራረጠብኝ፣ ኮሌጁን ከልጅቷ፣ ልጅቷን ከግቢው ቀላቀልኩት። እሱ ከዛፉ ሥር ወደ ተቀመጠው ትሪ ያያል።

«ዓሣው ይቀዘቅዛል» አለ።

«ይቀዝቅዝ» አልኩትና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።