መትረየስ ኪቦርድ ስትመርጥ

በጠበቆቹ ቢሮ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውሰው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሌላው ሰው ሁሉ መትረየስ ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ናቸው፤ ገና በጽሕፈት መኪና በሚሠራበት ዘመን፣ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ሲጠብቁ ከውስጥ የሚመጣውን ድምፅ ሰምተው፣ «እዚህ ቤት የምትሟገቱት በሕግ ነው በመትረየስ?» ብለው ጠየቁ። ቀልዱ ቢሮውን ዞረና ስም ሆኖ ቀረ። እሷም አልከፋትም። እንዲያውም ሰው በስልክ «ማን ልበል?» ሲላት፣ «መትረየስ ነኝ» ትል ነበር፣ ያለ ምንም ሳቅ።

ስትጽፍ እጇን አታይም። ይህስ ብዙ ጸሐፊ ያደርገዋል። የእሷ ልዩነት ስክሪኑንም አለማየቷ ነው። ዓይኗ ረቂቁ ላይ ተተክሎ ይቀራል፣ ጣቶቿን የምትቆጣጠረው በጆሮዋ ነው። አንድ ቁልፍ ሳትመታ ብታልፍ የምታውቀው በድምፁ ነው፤ ዘፋኝ ከዜማ ሲወጣ እንደምናውቀው። ገጹን ጨርሳ ቀና ስትል አንድ ግድፈት ከተገኘባት ያ ቀን ቢሮው ውስጥ የወሬ ቀን ነበር።

ነበር እንበል እንጂ። ከጥቂት ወራት ወዲህ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች፣ ትንሿና የቀለበት ጣቷ፣ እየከዷት ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ይደነዝዟት ነበር። ተኝቼባቸው ነው አለች። ቀጥሎ እስከ ምሳ ሰዓት ይቆዩ ጀመር። ብርድ ነው አለች። አሁን ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ጣቶች ናቸው፤ እጇ ላይ አሉ፣ ግን ምንም አይነግሯትም። ብርጭቆ ስታጥብ ሁለቴ አምልጧታል፣ ሁለቴም ሳሙናውን ሰድባለች።

ለማንም አልተናገረችም። ፈርታለች፤ ያውም አጥንት ድረስ የገባ ፍርሃት። ምክንያቱም እናቷንም የጀመራት ከእጇ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት እናቷ ከእሳት የወረደ ድስት በባዶ እጇ አንስታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ሁለቱ ልጆቿ ደንግጠው ሲሮጡ መዳፏን አገላብጣ አየችው፤ ቆዳው ተነሥቷል። ሳቀች። «ኧረ አላመመኝም» አለች። ከዚያ ማንኪያ መያዝ አቃታት፣ ከዚያ እግሯ መጎተት ጀመረ፣ ከዚያ አልጋው ዋጣት። በመጨረሻ ሌላው ንግግር ሁሉ ጠፍቶባት ሳለ እንኳ ሲያገላብጧት «አላመመኝም» ማለት አልጠፋባትም።

እህትማማቾቹ ያኔ ሥራ ተከፋፈሉ። ታላቅየዋ ጻፈች፣ ታናሽየዋ አስታመመች። ታናሽየዋን ሊያገባት የሚፈልግ ሰው ነበረ፤ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ሌላ አገባ። እናታቸው ስታርፍ ታናሽየዋ ጸጉሯ ሸብቶ ነበር። ከሐዘኑ በኋላ የቤቱን የፊት ክፍል መስኮት ወደ በር አስቀይራ ልብስ መስፋት ጀመረች። አሁን መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ስትሰፋ ታንጎራጉራለች። ዘፈኑ አይታወቅም፣ ድምፁም አያምርም፤ ግን መትረየስ ከሥራ ስትመለስ ያንን ማንጎራጎር ከመንገድ ስትሰማ እርምጃዋ ይቀላት ነበር። አሁን ስትሰማው በሩ ጋ ትቆማለች። ይህችን ልጅ እንደገና አልጋ ሥር የማስቀምጣት እኔ ልሁን? ትላለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ይህን ያለው ሰው ግን የምታንጎራጉር እህት አልነበረችውም ይሆናል።

እንዲህ ባለ ጭንቅ ውስጥ ሳለች ሰበብ ከሰማይ ወረደላት። ቢሮው የድሮዎቹን ኮምፒውተሮች አስወጥቶ ለሁሉም ላፕቶፕ አደለ። የላፕቶፑ ቁልፎች ጠፍጣፋ ናቸው፣ ቢመቱ ጥልቀት የላቸውም። በዚያው ሳምንት የምትጽፍለት ጠበቃ አንድ የቤት ሽያጭ ውል ይዞ ጠረጴዛዋ ድረስ መጣ። ፊደላት ተዘልለዋል፣ ገጹ በቀይ እስክሪብቶ ቆስሏል።

«መትረየስ፣ ደህና ነሽ?» አላት ቀስ ብሎ።

«እኔማ ደህና ነኝ። ላፕቶፑ ነው እንጂ። ቁልፉ አይይዝም።»

ጠበቃው ወዲያው አመናት። ከሃያ ዓመት በላይ ያልተሳሳተች ሴት ላይ ጥርጣሬ ከየት ይመጣል? እሷም ራሷ ማመን ጀመረች። ላፕቶፑ እስካለ ድረስ ጥፋቱ የላፕቶፑ ነው፣ እጇ ንጹሕ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰበብ ሰው ይሳሳለታል፣ እንደ ልጅ ያቅፈዋል።

ክፋቱ ጠበቃው ደግ ሰው መሆኑ ነው። በማግስቱ ተመልሶ፣ «ለምን ትሠቃያለሽ? ሂጂና ለእጅሽ የሚስማማ ገመድ አልባ ኪቦርድና ማውስ ምረጪ፣ ቢሮው ይገዛል። ድምፅ የማያሰማ ቢሆን ግን ደስ ይለኛል፤ አሁን ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነን» አላት። አመሰገነችው። ግን አዲስ ኪቦርድ ማለት ሰበቡ ተነጠቀ ማለት ነው። ላፕቶፑ ከሌለበት በኋላ የሚቀረው ተጠርጣሪ አንድ ብቻ ነው።

ዛሬ ዝናብ ነው፣ ነገ ራሴን አሞኛል እያለች ሰነበተች። በመጨረሻ ጠበቃው፣ «ሰኞ ትልቁን ይግባኝ የምትጽፊው በአዲሱ ነው» ብሎ ቆረጠው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ቅዳሜ ወጣች። ታናሽ እህቷም «ለስፌት መኪናዬ አምፖል እፈልጋለሁ» ብላ ተከተለቻት። አትምጪ የምትልበት ምክንያት አላገኘችም።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ከወለሉ እስከ ጣራው ካርቶን ተደርድሮበታል። ባለሱቁ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ገና የፈለገችውን ስትነግረው አንዱን ካርቶን አውርዶ ፈታው።

«ይሄ ምርጥ ነው፣ እህቴ። ኪቦርዱም ማውሱም በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠሩት። ይቺን ጥፍር የምታክለዋን ላፕቶፑ ላይ ይሰኳታል፤ ለሁለቱም ትበቃለች። ብቻ እንዳትጠፋብዎት፤ እሷ ከጠፋች ሁለቱም በድን ናቸው። እስኪ ይሞክሩት፣ ድምፁ አይሰማም።»

ትንሿን ነገር የራሱ ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ ኪቦርዱን ወደ እሷ ገፋላት። መትረየስ አዲስ ማሽን የምትፈትንበት አንድ ዓረፍተ ነገር አላት፤ ከጽሕፈት መኪናው ዘመን ጀምሮ ያው ነው። እጆቿን አስቀመጠች፣ እንደ ልማዷ ስክሪኑን ትታ ግድግዳው ላይ አፈጠጠች፣ ጻፈች። ቁልፎቹ ድምፅ የላቸውም። ያለ ድምፅ ስትጽፍ ጨለማ ውስጥ ደረጃ የምትወርድ መሰላት።

ባለሱቁ ስክሪኑን አነበበ። «ሁም ሰው በሕግ ፊት እኩ ነው።» ሳቀ። «ይሄማ ፊደል ይበላል። "ሁሉም" አንገቱን ተቆርጧል፣ "እኩል"ም ጭራውን።»

«የተበላሸ ይሆናል» አለች መትረየስ።

ሌላ ካርቶን ወረደ። ያንኑ ጻፈች፣ ያው ወጣ፣ ያው ፊደል ጠፋ። ባለሱቁ አሁን አልሳቀም፣ ጭንቅላቱን አከከ። እህቷ ከመደርደሪያው አጠገብ አምፖል እያገላበጠች ነበር፤ ማገላበጡን አቆመች።

«ድምፅ ያለው የለህም?» አለች መትረየስ።

«የሌለው አላሉም እንዴ? ይኸው።»

ሦስተኛው ወፍራም ነው፣ ቁልፎቹ ከፍ ከፍ ያሉ፣ የድሮውን የሚያስታውስ። መታችው። ያ የምታውቀው ድምፅ ሱቁን ሞላው፣ ለአንድ አፍታ ልቧ ሞቀ። ከዚያ ሰማችው። «ሁሉም» ላይ ሲደርስ አንድ ምት ጎደለ። «እኩል» ላይም ጎደለ። ባለሱቁ ሳያነብላት በፊት አወቀች። ጆሮዋ ይህን ያህል ዓመት አልዋሻትም፣ ዛሬም አልዋሻትም። ቀስ ብላ ዓይኗን ወደ እጇ አወረደች፤ ስትጽፍ እጇን ያየችው ምናልባት ተማሪ ከነበረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። «ለ»ን የሚመታው የቀለበት ጣቷ ቁልፉ ላይ አልነበረም። መትቻለሁ ብላ ስትምል ከቁልፉ ጎን ጎንበስ ብሎ ተኝቷል።

«እንግዲህ መላው ጭነት የተበላሸ ነው ማለት ነው» አለ ባለሱቁ፣ በእውነት ተጨንቆ። «ቆይ፣ እኔ ልየው።» በአንድ ጣቱ እየለቀመ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በሦስቱም ላይ ጻፈው። ሦስቱም ላይ ምንም ሳይጎድል ወጣ። «ይኸው፣ ይሠራል እኮ» አለና ግራ ተጋብቶ አያት።

መትረየስ ቀኝ እጇን ከባንኮኒው ላይ አወረደች።

«አዲስ ስለሆነብኝ ነው፣ እለምደዋለሁ» አለችና ቶሎ ብላ ማውሱን አነሣች፤ ወሬው እንዲቀየር። ያነሣችው በግራ እጇ ነው። ቢሮ ውስጥም ማውሷን ወደ ግራ ካዛወረች ሰንብታለች፣ ማንም ልብ አላለም።

ባለሱቁ ግን ዕቃ ሻጭ ነው፣ ዓይኑ እጅ ላይ ነው። «ግራኝ ነዎት እንዴ?»

«አዎ» አለች። ከአፏ ሲወጣ እንዴት እንደቀለላት ገረማት።

ከኋላዋ እህቷ ቆማለች። ከአንድ ሳህን አብራት የበላች፣ መትረየስ በዚሁ በቀኝ እጇ ይዛ ፊደል ያስጻፈቻት ታናሽ እህቷ። መትረየስ ዞራ አላየቻትም፤ ብታያት እዚያው እንደምትወድቅ አውቃለች። እህቷም ምንም አልተናገረችም። ይህ ዝምታ ከምንም በላይ አስፈራት።

«እሱስ ግራም ቀኝም አይመርጥም» አለ ባለሱቁ። «ኪቦርዱስ የቱ ይሁንልዎት?»

አሰበች። ድምፅ ያለው ቢሆን ሲጎድላት ትሰማለች፣ ተመልሳ ታርማለች። ግን ክፍሉ ሁሉ ይሰማል። መትረየስ የሚሏት ሰዎች ናቸው፤ መትረየሱ አንድ ጥይት ሲጎድለው ከእሷ እኩል ይሰማሉ። ድምፅ የሌለው ከሆነ ማንም አይሰማም። እሷም አትሰማም።

«ድምፅ የሌለውን» አለች። የፈሪ ምርጫ ነው፤ ግን የፈራ ሰው ሌላ ምን ይመርጣል?

ታክሲ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መትረየስ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀኝ እጇን ከሥሩ ሸሸገች። እህቷ በቀኝ በኩል ተጠግታ ተቀመጠች። ስለ አምፖሉ አወራች፤ የድሮው ብርሃን ቢጫ እንደነበረ፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቁር ክር እንደማይታያት። መትረየስ «እህ፣ እህ» ትላለች። ልቧ ግን ያንን ጥያቄ እየጠበቀ ይመታል። አሁን ትጠይቀኛለች፣ አሁን። መልሱን አዘጋጅታለች፤ ማውስ በግራ መያዝ ትከሻን ያሳርፋል ተብያለሁ ልትላት ነው።

እህቷ ወሬዋን አቆመች።

«እትዬ» አለች።

«ምነው?»

«እስኪ ካርቶኑን አንሺው።»

አነሣችው። የእህቷ እጅ ከካርቶኑ ሥር ነበር። የመትረየስን ሁለት ጣቶች ይዛለች፤ በአውራ ጣቷ ጥፍር ትንሿ ጣት ላይ እስኪነጣ ድረስ ተጭናለች። በጥፍሩ ጠርዝ ዙሪያ ደም ቋጥሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የያዝሽኝ?»

«ከተቀመጥን ጀምሮ» አለች እህቷ። «አመመሽ፣ አይደል? ዝም ብለሽ ችለሽኝ ነው፣ አይደል?»

ዓይኖቿ ይለምናሉ። አዎ በይኝ ይላሉ። መትረየስ ወራት ሙሉ ስትዋሽ ከርማለች፤ ለጠበቃው ዋሽታለች፣ ለባለሱቁ ዋሽታለች፣ አንድ ውሸት ቢጨመር የሚከብዳት ሴት አይደለችም። አፏን ከፈተች። የእህቷን የሸበተ ጸጉር አየችና ውሸቱ አልመጣላት አለ።

«አላመመኝም» አለች።

ድምፁ የእናታቸው ነበር፤ ሁለቱም ሰሙት። እህቷ ጣቶቹን አልለቀቀችም። በሌላ እጇ ዓይኗን ጠራርጋ፣ አንገቷን ወደ ሾፌሩ አሰገገች።

«ወራጅ አለ» አለች፣ «ሆስፒታሉ ጋ።»

ቤታቸው ገና ሩቅ ነበር።